በአጥንት የሚሰማ ድምፅ፦ በባሌ ደጋ የሚመግል ጆሮና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ ምርጫ

መግቢያ

ቆሎ የሚቆረጥም ሰው በጭንቅላቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅና አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው ድምፅ በመጠን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ቆርጣሚው ሁለቱንም ጆሮውን በጣቱ ቢደፍን የቆሎው ድምፅ ይጎላበታል እንጂ አይጠፋበትም። የጥርሱ ንዝረት ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚደርሰው የራስ ቅልን አጥንት ተሻግሮ ነውና። ማንም በቤቱ ሊያረጋግጠው የሚችለው ይህ ነገር ለአንድ የሕክምና ዘርፍ መሠረት ሆኗል፤ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ትንሽ የቲታኒየም ብሎን ይተከላል፤ በብሎኑ ላይ የሚገጠመው መሣሪያም ድምፅን ወደ ንዝረት ለውጦ፣ የታመመውን የጆሮ ክፍል ሳይነካ፣ በአጥንቱ በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሳል።

ይህ ጽሑፍ በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች የሚኖር፣ ጆሮው ለዓመታት የሚመግልና የመስማት ችሎታው የቀነሰ ሰው እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲያስብ ምን መመዘን እንዳለበት ይመረምራል። የአቅራቢው መከራከሪያ፣ የውሳኔው ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሚደረግ ሙከራና ከዚያ በኋላ በሚመጡት ዓመታት ላይ ነው፤ ሙከራውም በአካባቢው ቋንቋዎች መደረግ ይኖርበታል የሚል ነው። አቅራቢው የሥነ ልሳን ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለም። ሁለቱም ጆሮዎቹ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመግሉና ታምቡራቸው የተበሳ በመሆኑ ይህንኑ ምርጫ ለራሱም እየመዘነ ይገኛል፤ አንባቢ ይህን ከመነሻው ቢያውቅ ተገቢ ነው።

ድምፅ የሚሄድባቸው ሁለት መንገዶች

በተለመደው መንገድ ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡርን ያንቀጠቅጣል። ከታምቡሩ ጀርባ ያሉት መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ንዝረቱን ተቀባብለው፣ በፈሳሽ ወደ ተሞላው ቀንድ አውጣ መሰል ክፍል፣ ወደ ኮክሊያ ያደርሱታል። የአየር ንዝረት ፈሳሽን በቀላሉ ማንቀሳቀስ አይችልም። ታምቡሩ ከእርካቡ ወለል 17 እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ በሰፊ ቦታ የተቀበለውን ኃይል በጠባብ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል፤ ድምፁም ፈሳሹን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ግፊት ያገኛል። ታምቡር ሲበሳ ወይም አጥንቶቹ በቁስል ሲበሉ የሚጠፋው ይህ ጉልበት ነው። ጉድለቱ እስከ 60 ዴሲቤል ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ የማይዘልቀው ከፍተኛ ድምፅ የራስ ቅልን ራሱን አንቀጥቅጦ በአጥንት በኩል ስለሚገባ ነው።

እንዲህ ያለው ችግር የማስተላለፍ ችግር ይባላል። ኮክሊያው ወይም የመስማት ነርቩ ሲጎዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድምፁ በየትኛውም መንገድ ቢደርስ ተቀባዩ ደክሟል። ለዓመታት ጆሮውን ሳይሸፍን በወፍጮ ቤት የሠራ ሰው፣ በማጅራት ገትር የተጠቃ ልጅ፣ እንደ ጄንታማይሲን ባሉ መድኃኒቶች የተጎዳ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። በአጥንት የሚተከለው መሣሪያ ለእነርሱ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ውሱን ነው። ስለዚህ ከዋጋም ከርቀትም በፊት የሚመጣው ጥያቄ ችግሩ በየትኛው መንገድ ላይ ነው የሚለው ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው መሣሪያ ባለሁለት ጣት ብረት ነው፤ ቱኒንግ ፎርክ ይባላል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ በኪስ ይያዛል፣ አያረጅም። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ሪነ እ.ኤ.አ. በ1855 ባስተዋወቀው ምርመራ ብረቱ ተመትቶ እግሩ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ጣቶቹ በጆሮው ቀዳዳ ፊት ይያዛሉ። ጤናማ ጆሮ በፊቱ የተያዘውን ብረት አጉልቶ ይሰማል። ታምቡሩ የተበሳበት ሰው ብዙውን ጊዜ በአጥንቱ ላይ ያረፈው ይጎላበታል። አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ ጆሮ ፈጽሞ የማይሰማ ቢሆንም ንዝረቱ የራስ ቅሉን ተሻግሮ በጤናማው ጆሮ ይሰማና መርማሪውን ያሳስታል። በዚህ ጊዜ የቬበር ምርመራ ይጨመራል፤ ብረቱ በግንባር መካከል ሲደረግ ድምፁ ወደ ደካማው ጆሮ ካደላ ችግሩ የማስተላለፍ፣ ወደ ጤናማው ካደላ የነርቭ መሆኑን ይጠቁማል። መርማሪውን የሚያሳስተው ይኸው መሻገር በአንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰሙ ሰዎች ጥቅም ሆኗል። በደንቆረው ጎን የተተከለ መሣሪያ ድምፁን በአጥንት አሻግሮ ለጤናማው ኮክሊያ ያቀብላል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ኦዲዮግራም ነው። በአየርና በአጥንት የሚሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ለየብቻ ይለካል፤ የሁለቱ ልዩነትም ይሰላል። ልዩነቱ ከ30 ዴሲቤል ሲበልጥ የአጥንት መሣሪያ ከተለመደው የጆሮ ውስጥ ማጉያ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ በዘርፉ የታወቀ ነው። የተለመዱት የአጥንት መሣሪያዎች በአጥንት የሚለካው መስማት ከ45 ዴሲቤል ያልከፋ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ኃይለኞቹ እስከ 55ና 65 ድረስ ይሄዳሉ።

የሚመግል ጆሮ በደጋ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሰነድ በዓለም ላይ ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች የሚመግል ጆሮ እንዳላቸው፣ ከእነዚህም 60 በመቶው የመስማት ጉድለት እንዳለባቸው ገምቷል። በሽታው በልጅነት ከጉንፋን ጋር ይጀምራል። ጉንፋኑ ከአፍንጫ ጀርባ ወደ መካከለኛው ጆሮ በሚወስደው ቱቦ ይወጣል፤ መግል ይጠራቀማል፤ ታምቡሩ ይፈነዳል። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው በራሱ ይዘጋል። ሳይዘጋ ቀርቶ መግሉ ሲመላለስ የዕድሜ ልክ ችግር ይሆናል። የቤት ውስጥ ጭስ፣ መጨናነቅና የምግብ እጥረት የሚያባብሱት ነገሮች መሆናቸው ይታወቃል። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። በክረምት ብርድ ቤተሰቡ ከነልጆቹ እሳት ዳር የሚሰበሰብበት፣ ማገዶውም እንጨትና ኩበት የሆነበት የደጋ አኗኗር ለዚህ በሽታ ምቹ መሆኑን ለመረዳት አያዳግትም።

የመጀመሪያው ሕክምና ርካሽ ነው። የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ፣ ጆሮው 14 ቀንና ከዚያ በላይ የመገለ ልጅ ጆሮው በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲደርቅለትና ለሁለት ሳምንት የኪኖሎን ጠብታ እንዲደረግለት ያዛል። ማድረቁ ከጠብታው ይቀድማል፤ በመግል ላይ የተንጠባጠበ መድኃኒት ቁስሉ ጋር አይደርስምና። በየቤቱ የሚደረገው ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። የሞቀ ቅቤ፣ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ይንጠባጠባል፤ ሕመሙ ለጊዜው ይለዝብና ቁስሉ እንደ ረጠበ ይከርማል።

ውኃም ሊታሰብበት ይገባል። በባሌ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ዉዱእ ሲደረግ ጆሮ በእርጥብ ጣት ይታበሳል። ይህ የውጩን ጆሮ ብቻ የሚነካ በመሆኑ በራሱ ብዙ ውኃ አያስገባም። ሙሉ ገላ መታጠብ፣ ወንዝ መዋኘትና ጠበል መጠመቅ ግን ታምቡሩ በተበሳ ጆሮ ውስጥ ውኃ ያስገባሉ። ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በጆሮ ቀዳዳ ማድረግ ሃይማኖታዊ ግዴታንም ሕክምናንም የማያጋጭ ቀላል ዘዴ ነው፤ መታጠቡ እንዳበቃ ጥጡ መውጣት አለበት።

ከመዳ ወላቡ ወረዳዋ ከብድሬ ተነሥቶ በደሎ መና በኩል ወደ ጎባ የሚመጣ ሕመምተኛ የሐረናን ደን አቋርጦ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የሳነቴ አምባ ይወጣና እንደገና ይወርዳል። በዚህ መንገድ ጆሮው የሚደፈንበትና የሚያመው ታምቡሩ ያልተበሳ፣ ነገር ግን ቱቦው የተዘጋበት ሰው ነው። ታምቡሩ የተበሳው ግፊቱ በቀዳዳው ስለሚስተካከልለት ምንም አይሰማውም። የሕመም አለመኖር የጤና ምልክት የማይሆንበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መግባት አለበት። መግሉ ክፉ ሽታ ካለው፣ ማዞር፣ የማያቋርጥ ራስ ምታት ወይም የፊት መጣመም ከተከተለ፣ ኮሌስቲያቶማ የሚባለውና አጥንት እየበላ ወደ አንጎል ሊዘልቅ የሚችለው እድገት መኖሩ ይጠረጠራል። እንዲህ ላለው ሰው ስለ መስሚያ መሣሪያ ማውራት ጊዜው አይደለም፤ አስቀድሞ ጆሮው ከአደጋ መውጣት አለበት።

ከጎተንበርግ የተገኘው ብልሃት

ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ሲያጠና የተከለው የቲታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልወጣ አለው። ከዚህ ግኝት መጀመሪያ የተጠቀመው የጥርስ ሕክምና ነው፤ የመጀመሪያው ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ1965 ታከመ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ አንደርስ ቼልስትሮምና ባልደረቦቹ በጎተንበርግ ከተማ ለሦስት ሕመምተኞች ከጆሮ ጀርባ ብሎን ተከሉ፤ ንዝረት ሰጪውን መሣሪያ ያበጀው መሐንዲሱ ቡ ሆካንሶን ነበር። ከዚያ በፊትም በአጥንት የሚያሰሙ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በብረት ቀስት ወይም በመነጽር እጀታ ከጆሮ ጀርባ ተጭነው ስለሚያዙ ራስ ምታትና የቆዳ ቁስል ያመጡ ነበር። ቆዳውም ራሱ፣ በተለይ ቀጫጭን ድምፆችን፣ ያፍናል።

ብሎኑ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። በአዋቂ ላይ ቀዶ ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ ሊሠራ ይችላል። መሣሪያው የሚገጠመው አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ተጠብቆ ነው፤ ጊዜው እንደ ብሎኑ ዓይነት ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ወር፣ በልጆች ደግሞ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1996 ለአዋቂዎች፣ በ1999 ከ5 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች፣ በ2002 ደግሞ በአንድ ጆሮ ለደነቆሩ ሰዎች ፈቅዷል። የልጆቹ የዕድሜ ገደብ የመጣው የራስ ቅላቸው ገና ቀጭን በመሆኑ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቆዳን በስቶ የሚወጣ ብረት የሌላቸው፣ ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ሥር የሚቀመጡና በማግኔት የሚያያዙ ዓይነቶችም ተሠርተዋል።

ለሚመግል ጆሮ የዚህ ብልሃት ትልቁ ጥቅም የጆሮ ቀዳዳውን ክፍት መተው ነው። የተለመደው ማጉያ በጆሮ ቀዳዳ ልክ በተሠራ ቅርጽ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እርጥበት ይታመቃል፤ መግሉ ይመለሳል፤ መሣሪያው ይወልቃል፤ ጆሮው ሲደርቅ እንደገና ይገባል። በዚህ ዙር ውስጥ ዓመታት ያለፉት ሰው መሣሪያ እያለው አብዛኛውን ጊዜ ያለ መሣሪያ ይኖራል።

ሰማና ሸማ

የመስማት ጉድለት በዴሲቤል ይለካል፤ ሰው የሚኖረው ግን በቃላት ነው። የአቅራቢው የትምህርት ዘርፍ ለዚህ ምርጫ የሚያዋጣው ነገር ካለ እዚህ ላይ ነው።

የማስተላለፍ ችግር በአመዛኙ ድምፅን በሁሉም እርከን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጫጭኑንም ወፍራሙንም። ድምፁ ሲጎላለት ሰውየው ይለያል፤ ኮክሊያው ደኅና ነውና። የአጥንት መሣሪያ ግን የራሱ ጠባይ አለው። በቆዳ ላይ ተጭኖ ሲሠራ ከ1,000 እስከ 2,000 ኸርትዝ በላይ ያሉትን ድምፆች ያዳክማል፤ በብሎን ላይ ሲገጠም ከዚያ እስከ 15 ዴሲቤል ገደማ የበለጠ ያስተላልፋል። ይህ ልዩነት በአማርኛ ምን ማለት ነው? የ«ሰ» ኃይል በአብዛኛው ከ4,000 ኸርትዝ በላይ የሚገኝ ሲሆን የ«ሸ» ግን ከ2,000 ኸርትዝ አካባቢ ይጀምራል። ስለዚህ «ሰማ» የተባለው «ሸማ» መስሎ ሊሰማ፣ ወይም የ«ሰ» ድምፅ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። «መታ»ና «መጣ»፣ «ከረመ»ና «ቀረመ» የሚለዩት ደግሞ በአንዲት ፈንጂ ተነባቢ ነው። የመፈንዳቷ ቅጽበት እጅግ አጭር ስለሆነች፣ ጫጫታ ባለበት ክፍል ከሁሉ በፊት የምትጠፋው እርሷ ናት። አፋን ኦሮሞም የራሱ ፈንጂ ተነባቢዎች አሉት፤ በባሌ ደግሞ አብዛኛው ሰው በቤቱ የሚናገረው፣ በትምህርት ቤትም የሚማርበት ቋንቋ እርሱ ነው።

መጥበቅና መላላት ግን የሚለዩት በድምፁ ቆይታ ነው። «ገና አልመጣም» ስንል ያለውን «ገና» ከበዓሉ «ገና» የሚለየው ርዝመት ነው እንጂ ቅጥነት አይደለም። በአፋን ኦሮሞ የአናባቢዎች ርዝመትም እንዲሁ ነው። በቆዳ ላይ የተጫነ መሣሪያ እነዚህን ልዩነቶች ብዙም አያበላሽም። እንግሊዝኛ ርዝመትን በዚህ መጠን ለቃል መለያ ስለማይጠቀም፣ በእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር የተገኘ ውጤት ወደ እኛ ቋንቋዎች በቀጥታ ሊዞር አይችልም። በ«ሰ»ና «ሸ» ላይ የሚገጥመን ችግር የጋራ ነው፤ በመጥበቅና መላላት ላይ ያለን ጥንካሬ ግን በእንግሊዝኛው ዝርዝር ውስጥ አይታይም።

አቅራቢው በአንድ ምርመራ ወቅት በማሰሪያ የተያዘ የአጥንት መሣሪያ ለግማሽ ሰዓት ያህል የመሞከር ዕድል አግኝቶ ነበር። ወዲያው የታወቀው ለውጥ የሰው ንግግር አልነበረም፤ የገዛ ጫማው ኮቴ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ንግግር ግልጽ ነበር፤ «ሰ» ግን እንደ ጥጥ ለስልሳ ነበር።

ከተተከለ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ግምገማ 20 ጥናቶችንና 2,310 ብሎኖችን አንድ ላይ አይቷል። አዋቂዎች በሚገኙባቸው ጥናቶች አጥንቱ ብሎኑን ሳይዝ የቀረበት ድርሻ ከ0 እስከ 18 በመቶ፣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ከ1.7 እስከ 34.5 በመቶ ነበሩ። ሕክምና የሚጠይቅ የቆዳ ቁጣ ከ2.4 እስከ 38.1 በመቶ ደርሷል። በጥናቶቹ መካከል ያለው ስፋት ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ ተመሳሳይ ብሎን በተለያየ ክትትል የተለያየ ዕጣ ይኖረዋል። ብረቱ በቆዳ በኩል በሚወጣበት ቦታ ዙሪያ ያለው ቆዳ በየቀኑ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ መጽዳት አለበት። ሲቀላ ቅባት፣ ሲመግል ሐኪም ያስፈልገዋል።

ይህን በባሌ ማሰብ የሚከብደው በዋናነት በርቀት ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች 78 በመቶው ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት እንኳ አይደርሳቸውም፤ የመስማት ምርመራ ባለሙያን በተመለከተ ድርሻው 93 በመቶ ነው። በአገራችን የአንገት በላይ ስፔሻሊስቶች የሚሠለጥኑባቸው ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች አዲስ አበባ ናቸው፤ ከሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ። በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለአካባቢው ቅርብ ነው። የቆዳ ቁጣን መንከባከብ ደግሞ የሠለጠነ ነርስ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ሁሉም ነገር አዲስ አበባ መሄድ የለበትም፤ የቁስል እንክብካቤው ቅርብ ላይ ካልተደራጀ ግን በቆዳ የሚወጣው ዓይነት ለሮቤ ነዋሪ የሚመከር አይመስልም።

የራስ መሸፈኛም አለ። ሂጃብ፣ ሻሽ ወይም ነጠላ የምትከናነብ ሴት መሣሪያው በጨርቅ ሥር ይሆንባታል። ጨርቁ ማይክሮፎኑን ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ ሲጠብቅ መሣሪያው ያፏጫል፤ ብረቱም ቆዳውን ይፈገፍጋል። ሳሳ ያለ ጨርቅና ላላ ያለ አስተሳሰር ይረዳል። ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ዓይነት የመፈግፈጉን ችግር ያስቀራል፤ በሌላ በኩል ግን ማግኔት ስላለው ለኤምአርአይ ምርመራ ገደብ ያመጣል።

ባትሪው ዚንክ ኤየር የሚባለው ዓይነት ከሆነ የሚሠራው ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው። በሳነቴ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ብርድና ደረቅ አየር ሲጨመሩበት የባትሪው ዕድሜ ያጥራል። ሮቤ ላይ ነገሩ ቀለል ይላል፤ ነገር ግን ባትሪው በየሱቁ አይገኝም። እንደ ስልክ የሚሞላ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ባለበት ከተማ የተሻለ ነው።

ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ብሎኑ ለዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል፤ የውጩ መሣሪያ ግን ኤሌክትሮኒክስ ነውና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይለወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ ሁለተኛውን መሣሪያ በምን እገዛለሁ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ ከባድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና ድጋፍ ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ደጋፊ መሣሪያዎችን ይጠቅሳል። በተግባር አሁን ያለው ከፋይ ሕመምተኛው፣ ቤተሰቡ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። ለጋሽ የመጀመሪያውን መሣሪያ ሲሰጥ ስለ ሁለተኛው መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባም።

የታምቡር ጥገናም ሊረሳ አይገባም። ጆሮው ደርቆ፣ አጥንቶቹ ደኅና ከሆኑ፣ ታምቡሩን በራሱ በሕመምተኛው ሥጋ መድፈን መስማትንም ደረቅነትንም ሊመልስ ይችላል። ባትሪ የለው፣ መለዋወጫ የለው። ተከላ የሚታሰበው ይህ ያልተሳካለት ወይም የማይሆንለት ሰው ዘንድ ነው፤ ለምሳሌ ጥገናው ተደጋግሞ የከሸፈበት፣ አጥንቶቹ የተበሉበት፣ ወይም ያለ ጆሮ ቀዳዳ የተወለደ።

ስለ ስያሜ

በአማርኛ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ማይሰማንና ማያውቅን በአንድ ላይ ይሰድባል። በከፊል የሚሰማ ሰው ደግሞ ሌላ ክስ ይገጥመዋል፤ አንዳንዴ ሰምቶ አንዳንዴ ስለማይመልስ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ይባላል። መምህሩ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ዞሮ ሲናገር የጠፋው ዓረፍተ ነገር እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። በምልክት ቋንቋ የሚኖረው ማኅበረሰብ የራሱ ታሪክ አለው፤ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ የተነሣው መሣሪያ የእነዚያን ሰዎች ቋንቋ ለመተካት የሚቀርብ አይደለም። በንግግር ቋንቋ አድጎ በማስተላለፍ ችግር መስማቱ የቀነሰበትን ሰው የሚመለከት ነው።

የማሰሪያው ሙከራ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ ሐሳብ ይህ ነው። የአጥንት መሣሪያ ያለ ቀዶ ሕክምና በላስቲክ ማሰሪያ ወይም በቀስት ራስ ላይ ሊታሰር ይችላል። ገና ለተከላ ያልደረሱ ሕፃናት የሚጠቀሙት እንዲሁ ነው። አዋቂም ከመወሰኑ በፊት በዚህ መንገድ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሊሞክረው ይችላል። ሙከራው በጸጥተኛ የምርመራ ክፍል ብቻ ቢደረግ ብዙ አይጠቅምም። ሰውየው መሣሪያውን አስሮ ወደ ሮቤ ገበያ ይሂድ፤ በሚኒባስ ይሳፈር፤ በትምህርት ክፍሉ የኋላ ወንበር ይቀመጥ፤ እንደ ልማዱ ይከናነብ፤ ይታጠብ፤ ይስገድ።

ውጤቱን ማንበብ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማሰሪያው ከብሎኑ ያነሰ ስለሚያሰማ፣ በማሰሪያ የተደሰተ ሰው በተከላው የባሰ አይሰማም። በማሰሪያ «ሰማ»ን ከ«ሸማ» ያልለየ ሰው ግን በዚህ ብቻ ተከላውን ባይተው ይመረጣል፤ ያጣው ቆዳው ያፈነውን ድምፅ ሊሆን ይችላልና። «መታ»ንና «መጣ»ን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን «ገና» በጸጥታ ክፍል እንኳ ካልለየ ደግሞ ኮክሊያው ራሱ የተጎዳ ስለመሆኑ ዳግም ምርመራ ያስፈልገዋል። ማሰሪያውም ብቻውን በቂ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በቀን ለአራትና አምስት ሰዓት፣ ለክፍልና ለስብሰባ ብቻ መሣሪያ ለሚፈልግ ሰው ማሰሪያ ማድረግ ከማይታከም የቆዳ ቁስል ይሻላል። በነገራችን ላይ ስፖርተኞች የሚጠቀሙበትና በጉንጭ አጥንት ላይ የሚያርፈው የስልክ ማዳመጫም በማስተላለፍ ችግር ለተያዘ ሰው ስልክ ለማነጋገር ያገለግላል። የሕክምና መሣሪያ ባይሆንም የኦዲዮግራም ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ፍንጭ ይሰጣል።

ለሙከራው የቃላት ዝርዝር ያስፈልጋል፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በአንዲት ተነባቢ፣ በመጥበቅ ወይም በአናባቢ ርዝመት ብቻ የሚለያዩ ጥንዶች። ዝርዝሩ ከዕለት ንግግር መውጣት አለበት፤ ማንበብ የማይችል ሰው በሥዕል እየጠቆመ እንዲመልስም ቢዘጋጅ ይመረጣል። ቃላቱን የሚያነቡት አንድ ወንድና አንዲት ሴት የአካባቢው ተናጋሪዎች ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ቀረጻው በስልክ ሊጫን የሚችል ይሁን። አቅራቢው የአማርኛውን 50 ጥንድ ለቅሞ ጨርሷል፤ የአፋን ኦሮሞውን ከአንድ የጎባ ተወላጅ የትምህርት ባልደረባው ጋር በመልቀም ላይ ነው። ሥዕሎቹ ገና ናቸው፤ «ከረመ»ን በሥዕል ማሳየት ከታሰበው በላይ አስቸግሯል።